ስለ አንድ ዘፈን ጕዞና በሣጥን ስለ ተቈለፈው መሰንቆ

ሰው በቤቱ ሳለ ያቃለለው ነገር በባዕድ አገር ተከብሮና ልብሱን ለውጦ በተመለሰ ጊዜ፥ ባለቤቱ ራሱ ሳያውቀው እንግዳ ነው ብሎ ይቀበለዋል። ይህን የምንናገረው ከመጽሐፍ አንብበን አይደለም፤ ባለፈው ጥቅምት በሸሕዲ ከተማ በአንድ ቤት ያየነውንና የሰማነውን ነው። ነገሩ የአባትና የልጅ ነገር ስለ ሆነም በዚህ በቤተ ሰብ ገጽ ለአንባቢዎቻችን ማቅረብ ተገቢ መሰለን።

ሸሕዲ ከጐንደር ወደ መተማ በሚወርደው መንገድ ላይ ያለች፥ ገንደ ውኃ ተብላም የምትጠራ የቈላ ከተማ ናት። ጥቅምት የሰሊጥ ዐጨዳ ወራት ነውና ከደጋው ብዙ ሠራተኛ ማጭዱን ይዞ ይወርዳል፤ ገንዘብ ባለበት ዘፋኝ አይጠፋምና አዝማሪውም መሰንቆውን በትከሻው አንግቶ ይከተለዋል። በመሸም ጊዜ ከአንዱ ሻይ ቤት ደጃፍ የሱዳን ዘፈን፥ ከሌላው ደጃፍ የጐንደር እስክስታ ይሰማል። ሁለቱም ሕዝቦች አምስት ድምፅ ባለው ዜማ መዝፈን የለመዱ ስለ ሆኑ፥ የአንዱ ዘፈን ለሌላው ጆሮ ባዕድ አይሆንበትም። ስመ ጥሩው የሱዳን ዘፋኝ መሐመድ ዎርዲ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1994 በአዲስ አበባ የዘፈነው ተቀድቶ እስከ ዛሬ ይሰማል። በ2015 ዓ. ም. በሚያዝያ ወር በሱዳን ጦርነት በተነሣ ጊዜም ብዙ ሺህ ሰው ቤቱንና ንብረቱን ጥሎ በዚሁ በመተማ በር ገብቷል፤ ጥሎ ከመጣው ነገር መካከል ግን ዘፈኑ አልነበረም።

እኛም በዚያ ሰሞን የመንግሥት ሠራተኛ በሆነ በአንድ ወዳጃችን ቤት እራት ተጋብዘን ነበር። ወዳጃችን ሥራውን አክባሪ፥ ልጆቹንም በሥርዓት የሚያሳድግ ሰው ነው። በማዕዱ ላይ ሳለን ባለቤቱ አንድ የተደበቀ ነገር ገለጡልን። የ13 ዓመት ወንድ ልጃቸው ከሣንቃ ቍራጭና ከፍየል ቆዳ፥ ከጋሪ ፈረስም ጭራ በለመነው ፀጕር፥ በገዛ እጁ መሰንቆ ሠርቶ ነበር። አባትየው ይህን ባየ ጊዜ መሰንቆውን ነጥቆ በሣጥን ቈለፈበት። ይህ ከሆነ ሦስት ሳምንት አልፎታል፤ ልጁም ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ከአባቱ ጋራ ከሰላምታ በቀር ቃል አይለዋወጥም። እናትየውም፥ «እናንተ በጋዜጣ ስለ ልጆች አስተዳደግ የምትጽፉ ሰዎች እስቲ ፍረዱን» አሉን።

ወዳጃችን ግን፥ «የሚፈረድ ነገር የለም። ልጄን ትምህርት ቤት የሰደድሁት አዝማሪ እንዲሆንልኝ አይደለም። ዛሬ ጨዋታ ይሆናል፤ ነገ ከመሸታ ቤት ወደ መሸታ ቤት ይሆናል» ሲል ነገሩን ቈረጠው። እኛም በሰው ቤት ማዕድ ላይ ሁነን በአባትና በልጅ መካከል መግባት ከብዶን ዝም አልን።

እራቱ ተነሥቶ ቡናው ሲቀርብ ልጁ የእናቱን የእጅ ስልክ አንሥቶ አንድ ሙዚቃ አሰማ። ሳክስፎንና ጊታር፥ ከበሮም ያለበት፥ ቃል የሌለው ጨዋታ ነበር። ወዳጃችን ጥቂት አዳምጦ፥ «ይህስ መልካም ነው። የውጭ አገር ሰው ሲጫወት እንዲህ በሥርዓት ነው» አለ። በዚህ ጊዜ በግድግዳው ሥር ተቀምጠው ጥጥ ሲፈትሉ የነበሩት የወዳጃችን እናት እንዝርታቸውን አቆሙ።

«ምን የውጭ አገር ትላለህ! ይህማ አካሌ ውቤ ነው» አሉ።

«እናቴ፥ ያውቁታል እንዴ?»

«እንዴት አላውቀው! አንተን በጀርባዬ አዝዬ ወፍጮ ላይ ሳለሁ ይህን እያልሁህ አልነበረም የምትተኛው?»

ከዚያም በቀጭን ድምፅ ከስልኩ ጋራ ያንጐራጕሩት ጀመር፤ አንድም ስፍራ አልሳቱም። ልጁ ቀስ ብሎ፥ «አባባ፥ የሚጫወቱት በፓሪስ ያሉ ፈረንሳዮች ናቸው» አለ። ወዳጃችን መልስ አልሰጠም። እኛም፥ «ፍርዱን በጽሑፍ እንልካለን» ብለን ተሰናበትን። የዛሬው ጽሑፋችን ያ የተስፋ ቃላችን ነው።

በመጀመሪያ፥ ያ ዘፈን እንዴት ፓሪስ ደረሰ? አካሌ ውቤ ሰው ወዳጁን የሚያወድስበት፥ በሕዝብ አፍ የቈየ ዘፈን ነው። ይህን ዘፈን በሳክስፎን አንሥቶ ለዓለም ያደረሰው ጌታቸው መኩሪያ ነው። ጌታቸው በፈረንጆች አቈጣጠር በ1935 በይፋት ተወልዶ፥ በልጅነቱ የጀመረው በክራርና በመሰንቆ ነበር። በ1949 በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት የሙዚቃ ጓድ ገባ፤ ከዚያም በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴያትር፥ በኋላም በፖሊስ ሠራዊት የሙዚቃ ክፍል አገልግሏል። የዚህ ሰው ብልኀት የፈረንጁን መሣሪያ ይዞ የፈረንጁን ዜማ አለመከተሉ ነው፤ ጀግና በጦር ሜዳ የሚያሰማውን ሽለላና ፉከራ፥ ትንፋሹን እያስረዘመና እያንቀጠቀጠ፥ በሳክስፎን አወጣው። በ1972 ባሳተመው ሸክላ ላይም ከአንቺ ሆዬና ከአምባሰል ጋራ አካሌ ውቤን ተጫወተ።

ያ ሸክላ ከ30 ዓመት በኋላ «ኢትዮፒክ» በሚባለው በፈረንሳይ አገር በሚታተመው ተከታታይ ክምችት እንደ ገና ታተመ። ጌታቸውም በሽምግልናው ዘመን ከሆላንድ አገር ሙዚቀኞች ጋራ በየአገሩ እየዞረ ተጫወተ፤ በ2016ም ዐረፈ። በፓሪስ ያሉ ወጣት ሙዚቀኞችም ይህን ጨዋታ ሰምተው የሙዚቃ ጓድ ባቋቋሙ ጊዜ፥ ለጓዳቸው ሌላ ስም አልፈለጉለትም፤ አካሌ ውቤ ብለው ሰየሙት። በሸሕዲ ያለው ልጅ በስልክ ያሰማን የእነዚህን ሰዎች ጨዋታ ነው። እንግዲህ ዘፈኑ ከእናት ጀርባ ወደ ሳክስፎን፥ ከአዲስ አበባ ወደ ፓሪስ፥ ከፓሪስም ወደ ሸሕዲ ዞሮ ሲመለስ፥ በመንገድ ያወቀው ሁሉ ሲያከብረው፥ ሳያውቀው የቀረው የቤቱ ልጅ ወዳጃችን ብቻ ሆነ።

ፓሪስ እንዲህ ያለውን የዘፈን ጕዞ ስታይ ይህ የመጀመሪያዋ አይደለም። ፈረንጆች ጂፕሲ የሚሏቸው፥ ራሳቸውን ሮማ ብለው የሚጠሩ ሕዝቦች አሉ። ጂፕሲ የተባሉት ከግብፅ የመጡ መስሏቸው የአውሮፓ ሰዎች ባወጡላቸው የስሕተት ስም ነው፤ የዘራቸው ምንጭ ግን በሰሜን ሕንድ እንደ ሆነ ቋንቋቸው መስክሯል። በፈረንሳይና በአካባቢዋ የሚኖሩት ወገኖቻቸው ማኑሽ ይባላሉ። እነዚህ ሰዎች ብዙ ዘመን በሠረገላ ቤት ከአገር ወደ አገር ሲዞሩ፥ በሄዱበት ሁሉ ሠርግ የሚያደምቁ እነርሱ፥ ከሠርጉ በኋላ ግን ከከተማው የሚባረሩ እነርሱ ነበሩ።

ከእነዚህ መካከል ጃንጎ ራይንሃርት የሚባል ልጅ በ1910 በቤልጅግ አገር ተወለደ። በ1928 የሚኖርበት ሠረገላ በእሳት ተቃጠለና ከግራ እጁ ሁለት ጣቶቹ ሽባ ሆኑ። ለጊታር ተጫዋች የግራ እጅ ጣት ማለት ለጸሐፊ የቀኝ እጅ ማለት ነው፤ እርሱ ግን በቀሩት ሁለት ጣቶች አዲስ አጨዋወት ፈጥሮ ከቀድሞው የበለጠ ሆነ። በ1934 በፓሪስ ከቫዮሊን ተጫዋቹ ከስቴፋን ግራፔሊ ጋራ አምስት ሰዎች ያሉበት ጓድ አቋቋመ፤ ሦስት ጊታር፥ አንድ ቫዮሊን፥ አንድ ኮንትራባስ ብቻ እንጂ ከበሮ እንኳ አልነበረውም። ከአሜሪካ ጥቁሮች የመጣውን ጃዝ ከሮማዎች የክር ጨዋታ ጋራ ያዋሐደው ስልት ከዚህ ጓድ ወጣ።

ማኑሾች በዚህ ስልት ከሚጫወቷቸው ዘፈኖች አንዱ «ጥቍር ዐይኖች» የሚባለው ነው። ቃሉን በሩስኛ የጻፈው የዩክሬን ተወላጁ ደራሲ ዬቭሄን ህሬቢንካ ሲሆን የታተመው በ1843 ነው፤ ዜማው የመጣው ፍሎሪያን ሄርማን ከሚባል ሰው የዳንስ ሙዚቃ ነው። በሩስያ የነበሩ የሮማ ዘፋኞች በየመሸታው ዘፈኑት፤ ታላቁ ዘፋኝ ሻልያፒን በየአገሩ አሰማው፤ ጃንጎም በ1940 በፓሪስ በሸክላ አስቀረጸው። ዛሬ የማኑሽን ጊታር የሚማር ልጅ ሁሉ ይህን ዘፈን ሳያውቅ አያልፍም። ያንዱ ቃል፥ የሌላው ዜማ፥ የሦስተኛው ጨዋታ ሆኖ ሳለ፥ ዛሬ ሰው ሁሉ የሮማዎች ነው ይለዋል። የዘፈን ባለቤት የፈጠረው ብቻ ሳይሆን፥ ለልጁ ያስተማረውም ስለ ሆነ ነው።

ይህ ትምህርት የሚሰጥበት መንገድ የሚያስደንቅ ነው። ተጫዋቾቹ አስቀድመው ሁሉም የሚያውቀውን ዜማ ያሰማሉ፤ ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ በተራው፥ በዚያው ዜማ መሠረት ላይ፥ ከልቡ አዲስ ነገር እየፈጠረ ይጫወታል፤ በመጨረሻም ሁሉም ወደ መነሻው ዜማ ይመለሳሉ። አንባቢዎቻችን ይህን ስትሰሙ አዝማሪያችን ትዝ ሳይላችሁ አይቀርም። አዝማሪም ሁሉ የሚያውቀውን ዜማ ይዞ ይነሣል፤ ከተቀመጡት አንዱ «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ይሰጠዋል፤ እርሱም ተቀብሎ፥ ጨምሮና አሳምሮ፥ ሰሙን ከወርቁ አጣጥሞ ይመልሰዋል። ልዩነቱ ይህ ነው፤ ማኑሹ የሚያድሰው ድምፁን ሲሆን፥ አዝማሪያችን የሚያድሰው ቃሉን ነው። ትዝታን ሺህ ሰው ዘፍኖታል፤ ነገር ግን የሁለት ሰው ትዝታ አንድ ሆኖ አያውቅም።

ሁለቱ ወገኖች በሌላም ነገር ይመሳሰላሉ። ሮማዎች ከሌላው የተለየ ቋንቋ እንዳላቸው፥ አዝማሪዎችም እርስ በርሳቸው ብቻ የሚግባቡበት የአዝማሪ ቋንቋ አላቸው። የጊታር ዕውቀት በሮማ ቤት ከአባት ወደ ልጅ እንደሚተላለፍ፥ በጐንደር አቅራቢያ እንደ ቡርቧክስ ባለ የአዝማሪ መንደርም የመሰንቆ ዕውቀት በዘር ይወረሳል። በመናቅም ይመሳሰላሉ። ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነው ግን በአንድ ዘመን የደረሰባቸው መከራ ነው።

በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ. ም. በአዲስ አበባ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ፥ ግራዚያኒ አዝማሪዎችና ጠንቋዮች፥ ትንቢት ተናጋሪዎችም እየተያዙ እንዲገደሉ አዘዘ። መሰንቆ ጥይት የማይተኩስ ሲሆን ስለ ምን ፈራው? አዝማሪው ከገበያ ወደ ገበያ እየዞረ የአርበኛውን ስም ስለሚያነሣ፥ የባንዳውንም ስም በሰምና ወርቅ ስለሚያዋርድ ነው። ጥቂት ዓመታት ቈይቶም ናዚዎች በአውሮፓ ያሉትን ሮማዎች በየእስር ሰፈሩ እየሰበሰቡ በመቶ ሺህ የሚቈጠሩትን ፈጁ። ጃንጎ ራሱ በ1943 ወደ ስዊስ ሊሸሽ ሞክሮ ከድንበር ተመለሰ፤ ሞትን ግን አመለጠ። እንግዲህ ልብ እንበል። እኛ አዝማሪውን ከንቱ ለፍላፊ ነው ስንል፥ ጠላት ግን የቃሉን ኀይል ዐውቆ ሞት ፈረደበት። የአንድን ነገር ዋጋ ከወዳጅ ይልቅ ጠላት ሲያውቀው ለወዳጅ ነውር ነው።

«ይህ ሁሉ ለአዝማሪ ዘር ነው፤ የጨዋ ልጅ ምን አገባው?» የሚል ቢኖር፥ ነጋድራስ ተሰማ እሸቴን እናስታውሰው። ተሰማ እሸቴ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ ጀርመን አገር ሄዶ፥ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት ድምፁን በሸክላ ያስቀረጸ ሰው ነው። የአማርኛ ዘፈን በሸክላ ላይ የወጣው ከሁሉ በፊት በእርሱ ድምፅ ነው። በኋላም የነጋድራስነት ሹመት ተቀብሎ መንግሥቱን አገልግሏል፤ መሰንቆ መምታቱ ከሹመት አልከለከለውም፤ ሹመቱም ግጥም ከመግጠም አላቦዘነውም። ዛሬ ከዘመኑ ሹማምንት የብዙዎቹ ስም ሲረሳ የእርሱ ስም የሚነሣው በዘፈኑ ነው።

ወደ ወዳጃችን ፍርሀት እንመለስ፤ ፍርሀቱን አንንቀውም። በዘፈን ስም ትምህርቱን ጥሎ በመጠጥ የጠፋ ወጣት በየከተማው አለ። የአዝማሪም ኑሮ ከባድ ነው፤ በዐጨዳ ወራት ያገኘው በክረምት ያልቃል። አባት ልጁ እንዳይራብና እንዳይናቅ ማሰቡ ተገቢ ነው። ነገር ግን ልጁን የሚያጠፋው መሰንቆው ወይስ መሸታ ቤቱ መሆኑን ለይቶ ማየት ይገባል። በቤት የተከለከለ ዘፈን ከቤት ውጭ ይፈለጋል፤ ከቤት ውጭም የሚገኘው በመሸታ ቤት ነው። መሰንቆውን የቈለፈ አባት ስለዚህ ልጁን ሊያርቀው ወደ ፈለገው ስፍራ ራሱ ይመራዋል።

በዚህ ምክንያት ለወዳጃችንና እንደርሱ ለሚያስቡ አባቶች ሁሉ የምንመክረው ይህን ነው። አንደኛ፥ የትምህርት ሰዓትና የመሰንቆ ሰዓት ይለይ፤ ልጁ ጥናቱን ከጨረሰ በኋላ በአባቱ ፊት፥ በገዛ ቤቱ ይጫወት። ሁለተኛ፥ ልጁ ተሰጥዎ እንዳለው ከታየ መንገዱ መሸታ ቤት ብቻ አይደለም፤ በአዲስ አበባ የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት መሰንቆና ክራር፥ በገናና ዋሽንት ከፒያኖና ከቫዮሊን ጋራ በኖታ ይማሩበታል። ሦስተኛ፥ በየቤቱ ያሉ አያቶች የሚያውቁትን ዘፈን ልጆች በስልክ ይቅዱት፤ የተቀዳበትን ቀንና ስፍራ፥ ዘፈኑን አያቲቱ ከማን እንደ ተማሩትም በደብተር ይጻፉ። ስልክ ይሰበራል፥ ይጠፋልም፤ ደብተር ግን በሣጥን ይቀመጣል። ሣጥን ለዚህ ቢሆን መልካም ነው።

አራተኛው ምክራችን ለሠርግና ለክርስትና ደጋሾች ነው። አዝማሪ ጠርተን በግንባሩ ላይ ብር እንለጥፋለን፤ ሲበላ ግን ከሰው ኋላ፥ ከደጅ እናስቀምጠዋለን። ልጆቻችንም ይህን እያዩ ያድጋሉ። ሰው በግንባሩ ገንዘብ ተለጥፎለት ክብር ከተነፈገው፥ ዘፈኑም ከእርሱ ጋራ ይነፈጋል። ከእንግዶቹ ጋራ በማዕድ ይቀመጥ፤ ስሙም ይጠየቅ። ይህን ለማድረግ ገንዘብ አይፈልግም።

በመጨረሻ ለወዳጃችን አንድ ቃል አለን። ያን ማታ በቤቱ ሦስት ትውልድ ተቀምጦ ነበር። አያቲቱ ዘፈኑን ያውቁታል፤ ልጁ ይፈልገዋል፤ በመካከል ያለው አባት ግን መክፈቻውን ይዟል። ልጁ ገና 13 ዓመቱ ነው፤ ጊዜ አለው። ጊዜ የሌላቸው እሳቸው ናቸው። ዛሬ ከልጅ ልጃቸው መሰንቆ ጋራ ያላንጐራጐሩትን ዘፈን፥ ነገ ከፓሪስ በስልክ ብናስመጣው ዜማው ይመጣልናል፤ አንተን አዝለው ያሉህ ቃል ግን አይመጣም። እሱ ያለው በእሳቸው ዘንድ ብቻ ነው።

እግዚአብሔር ቢፈቅድ በሚመጣው ጥቅምት ወደ ሸሕዲ የመውረድ አሳብ አለን። በወዳጃችን ቤት ቡና ስንጠጣ፥ ከሣጥን የወጣውን መሰንቆ ለመስማት ተስፋ እናደርጋለን።